የከተማ የረጅም ጊዜ የልቀት ቅነሳ ግብ አወጣጥ፦ «ከምን?» ከሚለው ጥያቄ እስከ ሐምሌ 1 በጀት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የክልል ከተማ አዳራሽ ተቀምጬ ነበር። ፕሮጀክተሩ ላይ በትልቁ «በ2042 ዓ.ም. የከተማችንን የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት በ50 በመቶ እንቀንሳለን» ይላል። ተጨበጨበ። ከኋላ ወንበር ጡረታቸው የደረሰ አንድ የፋይናንስ ሠራተኛ እጃቸውን አወጡና «ከምን?» አሉ። አቅራቢው «ይቅርታ፣ አልሰማሁም» አለ። «ሃምሳ በመቶው ከምን ላይ ነው የሚቀነሰው? ዛሬ ስንት ነው?» አሉ ደግመው። የዚያን ቀን መልስ አልነበረንም። አልነበረንም የምለው ስላይዱን ካዘጋጁት አንዱ እኔ ስለነበርኩ ነው።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ግብ አዘጋጁ ተብለው ለተመደቡ የከተማ ባለሙያዎች ነው። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከአዲስ አበባና ከክልል ከተሞች ናቸው፤ ለማነጻጸር ኮፐንሃገንንና ኦስሎን እጠራለሁ። «ዓ.ም.» ያልኩት የእኛን አቆጣጠር፣ «እ.ኤ.አ.» ያልኩት የፈረንጁን ነው። ይህን ልዩነት እንደ ትንሽ ነገር አትዩት፤ ወደ ኋላ እንደምታዩት አንድ ሙሉ ቆጠራ ሊያበላሽ ይችላል።

አንደኛ፦ ወሰኑን ወስኑ

ሥራው የሚጀምረው ከካርታ ነው። ግቡ የሚመለከተው የአስተዳደሩን ወሰን ብቻ ነው ወይስ አካባቢውንም? አዲስ አበባን ውሰዱ። ሰበታና ቡራዩ ዛሬ ሸገር ከተማ ውስጥ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ግን ብዙ ሰው ከዚያ ተነሥቶ መርካቶና ሜክሲኮ ይገባል። በመንገድ ላይ የሚቃጠለው ናፍጣ በማን መዝገብ ይጻፋል? በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ አዲስ አበባና ኦሮሚያ የወሰን ስምምነት ሲያደርጉ ሙሉ የኮንዶሚኒየም መንደሮች ከአንዱ አስተዳደር ወደ ሌላው ተሻገሩ። ቤቱ፣ ምጣዱና የቆሻሻ ገንዳው አብሮ ሄደ ማለት ነው።

መልሱን ከራሳችሁ መፍጠር አይጠበቅባችሁም። ከተሞች የሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ የቆጠራ ደንብ አለ፤ በምህፃሩ ጂፒሲ ይባላል። ወርልድ ሪሶርስስ ኢንስቲትዩት የተባለው የምርምር ተቋም እንዲሁም ሲ40 እና ኢክሌይ የተባሉት የከተሞች ኅብረቶች አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ2014 ሊማ ላይ ይፋ ሆነ። ልቀትን በሦስት ይከፍላል፦ በወሰኑ ውስጥ የሚወጣ፣ ከተማው ለሚጠቀምበት ኤሌክትሪክ ሲባል ማመንጫው ዘንድ የሚወጣ፣ እና በከተማው እንቅስቃሴ ምክንያት ከወሰን ውጭ የሚወጣ። መሠረታዊና ሰፋ ያለ የሚባሉ ሁለት የዘገባ ደረጃዎችም አሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትቆጥሩ ከሆነ በመሠረታዊው ጀምሩ፤ በሰፊው ጀምሮ መሐል መንገድ ላይ የቀረ ቆጠራ ለግብ አይሆንም።

የቦሌ አየር ማረፊያ ነገር ሁልጊዜ ክርክር ያስነሣል። ከቦሌ ተነሥተው ወደ ውጭ የሚበሩ አውሮፕላኖች ነዳጅ በሰፊው ዘገባ እንጂ በመሠረታዊው ውስጥ አይገባም። ከገባ ቁጥሩ ይገዝፍና ታክሲውም ቆሻሻውም ከጎኑ ያንሳሉ። ነገ ዋናው በረራ ቢሾፍቱ አጠገብ ወደታቀደው አዲስ አየር ማረፊያ ሲዛወር ደግሞ አንድ ሊትር ሳይቀነስ ከተማዋ በወረቀት ላይ «ትቀንሳለች»። ስለዚህ የእኔ ምክር፦ ለብቻው በግርጌ ዘግቡት፣ በግቡ ውስጥ አታስገቡት፣ ያላስገባችሁበትንም ምክንያት ጻፉ።

ሁለተኛ፦ ቁጠሩ፤ በእጃችሁም ቁጠሩ

ትልቁ ድካም እዚህ ላይ ነው። ስሌቱ ራሱ የአራተኛ ክፍል ማባዛት ነው፦ የተቃጠለው መጠን ሲባዛ በአንዱ መለኪያ የሚወጣው ጋዝ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 2.3 ኪሎ ግራም፣ አንድ ሊትር ናፍጣ ወደ 2.7 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ችግሩ የመጀመሪያውን ቁጥር ማግኘቱ ላይ ነው።

ነዳጅ። ከመንግሥት ጽሕፈት ቤት የሚመጣላችሁ ሠንጠረዥ አንዳንዴ በሊትር፣ አንዳንዴ በሜትሪክ ቶን ነው፤ አርዕስቱ ላይ አይጻፍም። አንድ ቶን ናፍጣ 1,000 ሊትር አይደለም፤ ናፍጣ ከውኃ ስለሚቀል 1,190 ሊትር ገደማ ነው። እኔ አንድ ጊዜ 50,000 ቶን ናፍጣን 50 ሚሊዮን ሊትር ብዬ አስገባሁ። ትክክለኛው 59.5 ሚሊዮን ነበር። 9.5 ሚሊዮን ሊትር ጠፋ፤ ከ25,000 ቶን በላይ ልቀትም አብሮ። ያገኘው የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ ያውም ሪፖርቱ ከታተመ በኋላ።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ስለሚሸጥ የማደያ ሽያጭ መረጃ ከድሮው ይሻላል። ይሁንና ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ከማደያዎቻችሁ ሞልቶ ሞጆና ጅቡቲ የሚሄድ ከባድ መኪና ስንቱን ይዞ ይወጣል? ሁለተኛ፣ በጄሪካን የሚወጣው ለጀነሬተር ነው ወይስ ለመኪና? ጀነሬተር በትራንስፖርት ሳይሆን በሕንፃዎች ሥር ነው የሚመዘገበው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም። ሦስተኛ፣ ከማደያ ጠፍቶ በጥቁር ገበያ የተሸጠው የት ተመዘገበ? ፍጹም መልስ አታገኙም። የወሰዳችሁትን ግምት ግን ጻፉት፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣው ባለሙያ ያንኑ ግምት እንዲይዝ።

ኤሌክትሪክ። አገራችን ከምታመነጨው ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው፤ ነፋስም ተጨምሮበታል። የህዳሴው ግድብም እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 ተመርቋል። ስለዚህ በከተማው ቆጠራ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ የሚገኘው ቁጥር ወደ ዜሮ የቀረበ ነው። ይህ መልካም ዜና ብዙ የውጭ አማካሪዎችን ያደናግራል። ከአውሮፓ የተቀዳ ዕቅድ ሲመጣ አምፖል መቀየርንና ጣሪያ ላይ ሶላር መትከልን ከላይ ያስቀምጣል። እዚያ ኤሌክትሪኩ ከጋዝና ከድንጋይ ከሰል የሚመጣበት ቦታ ስላለ ትርጉም አለው። እዚህ አምፖል መቀየር ቆጣሪውን ያቀልላል፣ የትራንስፎርመር ጫና ይቀንሳል፤ ልቀት ግን አይቀንስም ማለት ይቻላል። የእኛ ከተማ ዋና መሣሪያ ተቃራኒው ነው፦ በናፍጣ፣ በቤንዚንና በከሰል የሚሠራውን ወደ ኤሌክትሪክ ማምጣት።

ከሰልና ማገዶ። እዚህ ላይ ደንቡ ሰውን ግራ ያጋባል። ከእንጨትና ከከሰል ቃጠሎ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለብቻው ይመዘገባል እንጂ በድምሩ አይገባም፤ ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ የተባሉት ሌሎቹ ሙቀት አማቂ ጋዞች ግን ይገባሉ። ውጤቱ፣ ቤተሰብ ከከሰል ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሸጋገር በከተማው ድምር ላይ የሚታየው ቅነሳ ከምትጠብቁት ያንሳል። ከዚህ ተነሥታችሁ የምጣዱን ፕሮግራም እንዳትተዉት፤ ደኑ የሚጨፈጨፈው ሌላ ወረዳ ስለሆነ ቅነሳው የሚታየው እዚያ ነው፤ የእናቶች ሳንባ ደግሞ በየትኛውም ሠንጠረዥ የለም።

ቆሻሻ። የመኪና ሚዛን ያለው የቆሻሻ መድፊያ ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ከሌላችሁ የሚቆጠረው በቢያጆ ነው። በር ላይ የተቀመጠው ልጅ በደብተሩ መስመር ያሰምራል፦ አንድ ቢያጆ፣ ሁለት ቢያጆ። መኪናው ሞልቶ ይምጣ በግማሽ አይጻፍም። መፍትሔው አድካሚ ቢሆንም ይሠራል፤ በዝናብ ወቅት አንድ ሳምንት፣ በበጋ አንድ ሳምንት፣ በየመኪናው ዓይነት የተወሰኑትን ወደ ቅርቡ የወፍጮ ወይም የሲሚንቶ ድርጅት ሚዛን ልካችሁ አስመዝኑ። የክረምት ቆሻሻ ውኃ ስለሚይዝ ከበጋው በጣም ይከብዳል። ከዚያ የደብተሩን መስመር በአማካይ ክብደት አባዙ።

ቆሻሻ ሌላም ጠባይ አለው። ዛሬ የተደፋው የአትክልት ልጣጭ ሚቴን የሚያወጣው ለብዙ ዓመታት ነው። ቆሼን አስቡ፦ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሲከመር የኖረ ክምር፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2017 ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች የቀበረ። ነገ አንድ ኪሎ ቆሻሻ ባይገባበት እንኳ ሚቴን ማውጣቱን ይቀጥላል። ደንቡ ሁለት ዘዴ ይፈቅዳል፦ አንደኛው በየዓመቱ በእውን የሚወጣውን ይቆጥራል፤ ሌላው ዛሬ የተደፋው ወደፊት የሚያወጣውን ሁሉ በዛሬው ዓመት ይመዘግባል። የፈለጋችሁትን ምረጡ፤ መሐል ላይ ግን አትቀይሩ። ከቀየራችሁ ቅነሳው የተገኘው ከሥራችሁ ይሁን ከቀመሩ የሚለይ ሰው አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ2018 እንደተመረቀው የረጲ ጣቢያ ቆሻሻ አቃጥሎ ኃይል የሚያመነጭ ካላችሁ ደግሞ ልቀቱ በኃይል ሥር ነው የሚመዘገበው፤ በቆሻሻም ሥር ደግማችሁ እንዳታስገቡት።

ጋዞቹን ሁሉ ወደ አንድ መለኪያ፣ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ፣ ስትቀይሩ የሚቴንን ማባዣ፣ ማለትም አንድ ቶን ሚቴን ስንት ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል እንደሚያሞቅ የሚያሳየውን ቁጥር፣ መምረጥ አለባችሁ። የዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ለውጥ ሳይንቲስቶች ጉባኤ አምስተኛ ሪፖርት በመቶ ዓመት ስሌት 28 ይለዋል። በሃያ ዓመት ከታየ ከ80 በላይ ነው። 28ን ያዙ፤ የቅርብ ዓመታት ጉዳቱን ለምክር ቤቱ ስታስረዱ ግን ሁለተኛውን ንገሯቸው።

ሦስተኛ፦ መነሻ ዓመት

ሁለት መመዘኛ አለው፦ መረጃው የተሟላ፣ ዓመቱም ደህና ዓመት መሆን አለበት። የኮቪድ ዓመት፣ የነዳጅ እጥረት የበዛበት ዓመት ወይም ጦርነት መንገድ የዘጋበት ዓመት መነሻ ሲሆን ከተማው ምንም ሳያጠፋ በሚቀጥለው ዓመት «ልቀት ጨመረ» ይባላል። አማራጭ ከጠፋ የሦስት ዓመት አማካይ ውሰዱ።

ቀኑ ደግሞ አለ። ነዳጁ የሚመጣላችሁ በእኛ የበጀት ዓመት ነው። የ2016 በጀት ዓመት ማለት ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በፈረንጁ ከሐምሌ 8 ቀን 2023 እስከ ሐምሌ 7 ቀን 2024 ነው። የውጭ ድርጅት የሠራው የቆሻሻ ጥናት በፈረንጅ ዓመት ይመጣል። የሕዝብ ቁጥር ትንበያው ደግሞ ለሌላ ወር ነው። ደንቡ ተከታታይ 12 ወር መሆኑን እንጂ ከየት መጀመሩን አያስገድድም፤ ስለዚህ ሁሉንም ወደ በጀት ዓመት አምጡት። እኔ ባየሁት አንድ ቆጠራ ነዳጁ የ2016 በጀት ዓመት፣ ቆሻሻው እ.ኤ.አ. የ2022፣ ሕዝቡ ከ1999ኙ ቆጠራ የተተነበየ ነበር። ሦስት የተለያዩ ከተሞችን ደምሮ አንድ ስም እንደመስጠት ነው።

ስለ ሕዝብ ቁጥር ካነሣን፣ የመጨረሻው ቤት ለቤት ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. በመሆኑ በነፍስ ወከፍ የሚገለጽ ግብ መሠረቱ የላላ ነው። አዲስ ቆጠራ ሲወጣ አካፋዩ ይቀየራል፤ ግቡም ያለ አንዳች ሥራ ይመታል ወይም ይከሽፋል።

አራተኛ፦ ባለበት ቢቀጥል

ከመነሻው ቀጥሎ «ምንም ባናደርግ የት እንደርሳለን?» የሚለውን አስሉ። የሕዝብ ዕድገት፣ የተሽከርካሪ ቁጥር፣ የግንባታ ስፋትና የቆሻሻ መጠን ይገባሉ። እዚህ አንድ ብልሃት አለ፦ ሁለት መስመር አስምሩ። አንዱ በእውነት ምንም ባይደረግ የሚሆነው፣ ሁለተኛው ደግሞ የፌዴራል መንግሥት የወሰነው ሲጨመር። ጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ይፋ ሲሆን የከተሞች የትራንስፖርት መስመር ጎበጠ። ይህ ቅነሳ የከተማው ሥራ አይደለም። ሁለቱን መስመር ካለያያችሁ ከንቲባው የሌላውን ሥራ የራሱ አድርጎ አይዘግብም፤ ፖሊሲው ነገ ቢቀየርም ምን ያህል እንደምታጡ ታውቃላችሁ።

አምስተኛ፦ የግቡን ዓይነት ምረጡ፤ ማታለያው ያለው እዚህ ነው

አሁን «ከምን?» ወደሚለው ደረስን። አንድ ምሳሌ እንሥራ፤ ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ።

አንድ ከተማ 400,000 ሕዝብ አለው። በ2016 በጀት ዓመት 300,000 ቶን ይለቃል፤ በነፍስ ወከፍ 0.75 ቶን። ሕዝቡም ልቀቱም በየዓመቱ 4 በመቶ ያድጋሉ እንበል። ከ26 ዓመት በኋላ፣ በ2042፣ ባለበት ቢቀጥል ልቀቱ 832,000 ቶን፣ ሕዝቡም 1.1 ሚሊዮን ይሆናል። አሁን ከተማው በ2042 ልቀቱን 416,000 ቶን ላይ ለማቆም ወሰነ። ይህንን አንድ ውሳኔ ሦስት ሰዎች እንዴት ያወሩታል?

የመጀመሪያው «ባለበት ቢቀጥል ከሚሆነው በ50 በመቶ ቀነስን» ይላል። እውነቱን ነው። ሁለተኛው «በነፍስ ወከፍ በግማሽ ቀነስን» ይላል፤ እሱም እውነቱን ነው። ሦስተኛው «ከመነሻው በ39 በመቶ ጨመርን» ይላል። ይህም እውነት ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ይጨበጨብላቸዋል።

የአገሪቱን ቁጥር ተመልከቱ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 ባቀረበችው የተሻሻለ ብሔራዊ የልቀት ቅነሳ ቃል ኪዳን እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ልቀቷን ባለበት ቢቀጥል ከሚደርስበት 403.5 ሚሊዮን ቶን በ68.8 በመቶ እንደምትቀንስ ገልጻለች። ከዚህ 68.8 ውስጥ 14ቱ በራስ አቅም፣ ቀሪው በውጭ ድጋፍ የሚሠራ ነው። በራስ አቅም ብቻ ቢሆን መድረሻው 347 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው፤ የእ.ኤ.አ. 2010 መነሻው ግን 247 ሚሊዮን ነበር። ስለዚህ በራስ አቅም የሚደረገው «ቅነሳ» ከመነሻው ጭማሪ ነው። ለደሃ አገር ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ ተደብቆ ሲነገር ነው። ያ ትልቁ 68.8 በአብዛኛው በመሬት አጠቃቀምና በደን ላይ የቆመ መሆኑንም ልብ በሉ፤ ደን የሌለው ከተማ መቶኛውን እንዳለ ቀድቶ ቢለጥፍ ከየትም አያመጣውም።

የእኔ ምርጫ፦ በፍጥነት ለሚያድግ ከተማ ከ2022 እስከ 2025 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ የልቀት ጣሪያ የሚደርስበትን ዓመትና መጠን በቶን ወስኑ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ከመነሻ ዓመት አንፃር በሚለካ ቅነሳ ግለጹ። ባለበት ቢቀጥል የሚለውን ለውስጥ ሥራ ብቻ አቆዩት። እንደገና ሲተነበይ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ትንበያውን ከፍ ያደረገ ሰው ያለ ምንም ሥራ ግቡን ይመታዋል።

ስድስተኛ፦ ቁጥሩን ከላይም ከታችም አምጡት

ከላይ የሚመጣው ሳይንስና ድርሻ ነው። እ.ኤ.አ. የ2018 የሳይንቲስቶቹ ልዩ ሪፖርት ሙቀቱ ከ1.5 ዲግሪ እንዳያልፍ የዓለም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ2010 መጠን በ2030 ወደ 45 በመቶ መቀነስ፣ በ2050 አካባቢም የተጣራ ዜሮ (የሚለቀቀውና ከአየር የሚወሰደው እኩል የሚሆንበት) መድረስ አለበት ይላል። ኢትዮጵያም በረጅም ጊዜ ስትራቴጂዋ በ2050 የተጣራ ዜሮ ለመድረስ አቅዳለች። እ.ኤ.አ. 2050 በእኛ 2042 እና 2043 ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም ከተማ እኩል አይቀንስም። ሲ40 አባል ከተሞቹን በገቢና በነፍስ ወከፍ ልቀት በአራት መድቧል፦ ሀብታሞቹ ወዲያው ይቀንሳሉ፤ ገቢያቸውም ልቀታቸውም ዝቅተኛ የሆኑት ደግሞ ጥቂት አድገው፣ ጣሪያ ነክተው ይወርዳሉ። አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ቦታቸው እዚህ ነው፤ ያለ ኀፍረት ያዙት።

ከታች የሚመጣው ተጨባጭ ሥራ ነው። እያንዳንዱን ሥራ በቶን መንዝሩ። በቀን 40 ሊትር ናፍጣ የሚያቃጥል፣ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ አንድ መካከለኛ አውቶቡስ 12,000 ሊትር ይጨርሳል፤ ይህ 32 ቶን ገደማ ነው። በኤሌክትሪክ ሲተካ የሚቀነሰው በግምት ይኸው ነው። መቶ አውቶቡስ 3,200 ቶን። አሁን ከቆሻሻው ክምር በዓመት 1,000 ቶን ሚቴን መያዝና ማቃጠል ብትችሉስ? 28,000 ቶን፤ ከ860 በላይ አውቶቡስ ማለት ነው። የቆሻሻው ክምር ሪባን የሚቆረጥበት ቦታ ስላልሆነ ከዝርዝሩ ግርጌ ይቀመጣል። ወደ ላይ አምጡት። የከተሞቻችን ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነው፤ ለይቶ ወደ ኮምፖስት መውሰድ ሚቴኑን ከምንጩ ያስቀራል።

ነባሩንም ጠብቁ። በአዲስ አበባ ከጉዞዎች ግማሽ ያህሉ በእግር ነው። ይህ ሳይከፈልበት የተገኘ ዜሮ ልቀት ነው፤ የእግረኛ መንገድ ሲጠብ ወይም ሰፈሩ ከሥራ ቦታ ሲርቅ ወደ ሚኒባስ ይለወጣል። ለእግረኛ የሚወጣ ገንዘብ «ጭማሪን መከላከል» ተብሎ በቶን ይታሰብ።

ከዚያ ቅናሽ አድርጉ። ለእያንዳንዱ ሥራ በወረቀት የሚገኘውን ሳይሆን በእውን የሚሠራውን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በንጹሕ ኤሌክትሪክ የሚሄድ ግሩም ሐሳብ ነው፤ ከተገዙት 41 ባቡሮች ግን ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመው ቆይተዋል። የቆመ ባቡር አይቀንስም፤ ተሳፋሪው ወደ ታክሲ ሰልፍ ተመልሷል። ስለዚህ ጥገናና መለዋወጫ በጀቱ ውስጥ ካልተጻፈ ቅነሳውን በግማሽ አስሉት።

ከላይ የመጣውና ከታች የተደመረው አይገናኙም። በየትም ከተማ ተገናኝተው አላየሁም። ክፍተቱን አትደብቁ፤ «ይህን ያህል ቶን ገና ሥራ አልተገኘለትም» ብላችሁ በሠንጠረዡ በራሱ መስመር አስቀምጡት።

ሰባተኛ፦ መድረሻውን ብቻ ሳይሆን መንገዱን

ከባቢ አየር የሚያውቀው ድምሩን ነው። 300,000 ቶን የሚለቅ ከተማ በ26 ዓመት ወደ ዜሮ ልድረስ ቢልና በየዓመቱ እኩል ቢቀንስ በጠቅላላው 3.9 ሚሊዮን ቶን ይለቃል። ለ16 ዓመት ባለበት ቆይቶ በመጨረሻዎቹ 10 ዓመታት ቢሮጥ 6.3 ሚሊዮን። መድረሻ ዓመቱ አንድ ነው፣ ጉዳቱ አይደለም። ስለዚህ በየአምስት ዓመቱ መካከለኛ ግብ ይኑር፤ የመጀመሪያው አሁን ያለው አስተዳደር ሥልጣን ላይ እያለ የሚለካ ይሁን። የ2042 ግብ ላይ ሲፈርም እጁ የሚንቀጠቀጥ ሹም አይቼ አላውቅም።

ስምንተኛ፦ የሚቀረውን ምን ታደርጉታላችሁ?

ኮፐንሃገን እ.ኤ.አ. በ2012 ባጸደቀችው ዕቅድ በ2025 ከካርቦን ነፃ የመጀመሪያዋ ዋና ከተማ እሆናለሁ አለች። ብዙ ሠራች፤ ከ2005 ጋር ሲነጻጸር ልቀቷ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ወረደ። የቀረውን ግን በአማገር የቆሻሻ ማቃጠያ ላይ በሚተከል የካርቦን መያዣ ልትዘጋው አስባ ነበር። ማቃጠያው የመንግሥቱን የድጋፍ ገንዘብ መስፈርት ሳያሟላ ሲቀር እ.ኤ.አ. በ2022 ግቡ እንደማይደርስ አስታወቀች። የመጨረሻው እርምጃ ከራሷ እጅ ውጭ በሆነ ገንዘብ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

በእኛ አገር ያንን ቦታ የሚይዘው ችግኝ ነው። ዛፍ መትከል ለጥላ፣ ለጎርፍና ለመሬት መንሸራተት ጥሩ ነው፤ እንጦጦን ያየ ይመሰክራል። ግን የተተከለ ችግኝ የተያዘ ካርቦን አይደለም። ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት ያለውን ቁጠሩ፣ ውፍረቱን ለኩ፣ ከወሰናችሁ ውጭ የተተከለውን ተዉ፤ ከልቀቱ ጋር ሳትደባልቁም ለብቻው ዘግቡ።

ዘጠነኛ፦ ወደ በጀት አስገቡት

ኦስሎ ከእ.ኤ.አ. 2017 በጀቷ ጀምሮ «የአየር ንብረት በጀት» የሚባል አላት፤ የልቀት ቁጥሩ ከገንዘቡ በጀት ጋር በአንድ ሰነድ ይቀርባል፣ የሚመራውም የፋይናንስ ኃላፊው ነው። ከእነሱ የምቀዳው አንድ ነገር ምረጥ ብባል ይህንን ነው። በእኛ አሠራር ትርጉሙ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት ለሐምሌ 1 በጀት ጥያቄ ሲያቀርብ በአንድ ዓምድ «ልቀት የሚጨምር ወይም የሚቀንስ፣ በቶን» ይሙላ። የአካባቢ ጥበቃው ክፍል ያግዝ፣ ጠያቂው ግን ፋይናንስ ይሁን። ፋይናንስ የጠየቀው ቅጽ ይሞላል፤ የአካባቢ ጥበቃ የጠየቀው መሳቢያ ውስጥ ያድራል።

ከማጽደቃችሁ በፊት የሚነካቸውን ጥሩ፦ የሚኒባስና የባጃጅ ባለንብረቶች፣ የቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት፣ ቁራሌዎች፣ የማደያ ባለቤቶች። ቁራሌው ስንት ፕላስቲክና ብረት ከቆሻሻው እንደሚያስቀር ከእናንተ በላይ ያውቃል።

ምክር ቤቱ የሚያጸድቀው ሰነድ ላይ ስለ ዳግም ስሌት አንድ አንቀጽ ይግባ። ወሰን ሲቀየር፣ የቆጠራ ዘዴ ሲሻሻል ወይም ከ5 በመቶ በላይ የሚያዛባ ስሕተት ሲገኝ መነሻ ዓመቱም አብሮ እንደገና ይሰላል። የፌዴራሉ የእ.ኤ.አ. 2010 መነሻ ራሱ በእ.ኤ.አ. 2011ዱ የአረንጓዴ ልማት ስትራቴጂ 150 ሚሊዮን ቶን ነበር፤ በኋላ 247 ሆነ። በአንድ ዓመት ላይ ሁለት ቁጥር መኖሩ ወንጀል አይደለም፣ የቱ ከየትኛው ግብ ጋር እንደሚሄድ አለመጻፍ እንጂ።

የግቡ ዓረፍተ ነገር በመጨረሻ ይህን ይመስላል፤ ክፍተቶቹን ሙሉ፦ «የ… ከተማ አስተዳደር በወሰኑ ውስጥ ከኃይል፣ ከትራንስፖርትና ከቆሻሻ የሚወጣውን ልቀት በ… በጀት ዓመት ከነበረበት … ቶን የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ተነሥቶ፣ በ… ዓ.ም. ከ… ቶን ሳያልፍ ጣሪያ ላይ አድርሶ፣ በ2042 ዓ.ም. ወደ … ቶን ያወርዳል። ከዚህ ውስጥ … ቶን በራስ በጀት፣ … ቶን በውጭ ድጋፍ የሚሠራ ሲሆን ለ… ቶን ገና ሥራ አልተወሰነለትም።» ርዝመቱ ለባነር አይመችም። ያ የፋይናንስ ሰው ግን እጃቸውን አያወጡም።

ነገ ጠዋት ለመጀመር፦ መጀመሪያ የነዳጅ ሽያጭ መረጃ የሚጠይቀውን ደብዳቤ ላኩ፤ ከሁሉ የሚዘገየው እሱ ነው። መለኪያው ሊትር መሆኑን፣ በወር የተከፋፈለ እንዲሆን፣ ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝና ቡታ ጋዝ በየራሳቸው እንዲመጡ በደብዳቤው ላይ ጥቀሱ። መልሱ እስኪመጣ የቆሻሻ መድፊያው በር ላይ ሂዱና የልጁን ደብተር እዩት።